ኤፒክ ፋንታሲ ከየት ይጀመራል? ከጣና ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር አንድ ጁስ ቤት እንገናኛለን። አምስት ስድስት መጽሐፍ ወዳጆች ነን። ጠረጴዛው ላይ አቮካዶ ጁስ አለ፤ ከጁሱ አጠገብ የጡብ ያህል የወፈረ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉን ያየ ሰው ቆም ይላል። «ይሄን ሁሉ ታነበዋለህ?» ብሎ ይጀምርና ወደ ሌላው ጥያቄ ይገባል። የሚጠየቀው ነገር ስለሚመሳሰል ለብዙዎቹ እዚህ ልመልስ። ምርጫው የራሴ ነው። ያልወደድኩትንም አልደብቅም።

ኤፒክ ፋንታሲ የሚባለው ምን ዓይነት ልብ ወለድ ነው?

ደራሲው ምድሩን ከነካርታው፣ ከነነገሥታቱ፣ አንዳንዴም ከነቋንቋው ፈጥሮ የሚተርከው ረጅም ታሪክ ነው። አስማት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ጦርነትም አለበት። በአንድ መጽሐፍ አያልቅም፤ ሦስት፣ አምስት፣ አሥር ቅጽ ይሄዳል።

እኔ ግን ጥሩውን ከቀሽሙ የምለየው በዘንዶ ብዛት አይደለም። ዓለሙ ትዝታ አለው ወይ? ብዬ ነው የምጠይቀው። ገጸ ባሕርዩ በአንድ የፈረሰ ግንብ አጠገብ ሲያልፍ ማን እንደገነባው ባይነገረኝም፣ እዚያ ሰዎች እንደኖሩ፣ እንደዘፈኑ፣ እንደተጣሉ ሊሰማኝ ይገባል። ጎርጎራ ወርዶ የአፄ ሱስንዮስን ዘመን ፍርስራሽ ያየ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

አንድ ብቻ ምረጥልኝ ብልህ የትኛውን ትሰጠኛለህ?

ኧርዝሲን። ሳላቅማማ።

ደራሲዋ አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለ ጉዊን ናት። የመጀመሪያው መጽሐፍ «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በ1971፣ በ1972 እና በ1990 አንድ አንድ፣ በ2001 ደግሞ ሁለት ተከተሉ። በጠቅላላው ስድስት ናቸው። የመጀመሪያው ሁለት መቶ ገጽ ገደማ ስለሆነ በሁለት ቅዳሜና እሑድ ያልቃል።

ኧርዝሲ ከዳር እስከ ዳር ደሴት ነው። ሰው ከደሴት ደሴት በጀልባ ይሄዳል። ጌድ የሚባለው ልጅ ተራራማ በሆነችው በጎንት ደሴት ፍየል እየጠበቀ ያድጋል። የመጀመሪያዎቹን የአስማት ቃላት ያስተማረችው የመንደሩ ጠንቋይ የሆነችው አክስቱ ናት። ኋላ ሮክ ወደምትባል ደሴት ተሻግሮ ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ ከሌላ ተማሪ ጋር እልህ ይያያዝና መጠራት የሌለበትን ነገር ይጠራል። አንድ ጥላ ወደ ዓለም ይገባል። የቀረው መጽሐፍ የእሱና የጥላው ነገር ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

እኔን የያዘኝ ግን የስሙ ነገር ነው። በኧርዝሲ አንድ ሰው ለጎረቤትና ለገበያ የሚሆን ስም አለው። ከዚያ ሌላ እውነተኛ ስም አለው። እውነተኛ ስምህን ያወቀ ሰው በአንተ ላይ ሥልጣን አለው። ስለዚህ ስሙ የሚነገረው እጅግ ለሚታመን ሰው ብቻ ነው። ጌድ ስሙን የተቀበለው በ13 ዓመቱ ነው። ልብሱን አውልቆ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ውስጥ ይገባል። እየተንቀጠቀጠ ይሻገራል። ማዶ የሚጠብቀው አዋቂ ክንዱን ይይዝና ስሙን ሹክ ይለዋል።

ይህን ክፍል አንድ ማታ ለአያቴ በአማርኛ እየመለስኩ ነገርኳት። አያቴ ዘጌ ነው ያደገችው። መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠናል። ጥጥ ትፈትል ነበር። ውሃው ጋ ስደርስ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ታዲያ ይሄ ክርስትና መነሣት አይደለም እንዴ?» አለች።

ቀጥላም ከልጅነቴ ጀምሮ የምትለኝን ደገመችው። «የክርስትና ስምህን ላገኘኸው ሁሉ አትንገር። መተተኛ ከሰማው ይደግምብሃል።»

ለ ጉዊን ስለ እኛ አልጻፈችም። ሌላ አገር ያለ አንባቢ እንደ አዲስ ሕግ የሚማረውን ነገር ግን እኛ ከቤታችን ይዘነው እንመጣለን። ለዚህ ነው ከዚህ ጀምሩ የምለው። ጌድ ያረጀች ጀልባ አግኝቶ ሲጠግናት ያለውን ገጽ ደግሞ ውሃ ዳር ሆናችሁ አንብቡት። ታንኳ የሚያስሩ ሰዎች ደንገሉን እንዴት በጉልበታቸው ተጭነው እንደሚያጠብቁት፣ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ እንዴት አውጥተው ፀሐይ ላይ እንደሚያቆሙት ያየ ሰው፣ ጀልባ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሁለተኛው መጽሐፍ «ዘ ቱምስ ኦፍ አቱዋን» ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል። በሕፃንነቷ ከቤተሰቧ ተወስዳ ስሟን የተነጠቀች፣ መብራት በማይበራበት የምድር ውስጥ ዋሻ የምታገለግል ልጅ ታሪክ ነው። ልጅቷ ዋሻውን በእጇ እየዳሰሰች ነው የምታውቀው። በጣቷ የግድግዳውን መታጠፊያ ስትቆጥር አብሬያት ቆጥሬያለሁ።

ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ተውኩት። ችግሩ እኔ ጋ ነው?

አይደለም። መጀመሪያው ዝግ ይላል። ልደት አለ፣ ምግብ አለ፣ መንገድ አለ፣ መዝሙር አለ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሆቢት ስለሚባሉት አጫጭር ሰዎች አኗኗር ረጅም መግቢያ አለ። መግቢያውን ዝለለው። ወንጀል አይደለም፤ ስትጨርስ ተመልሰህ ታነበዋለህ፣ ያኔ ይጣፍጥሃል። ብሪ የምትባለው ከተማ እስክትደርስ ብቻ ታገስ። እዚያም ደርሰህ ካልያዘህ በቃ፣ ተወው።

ሌላም ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። ደራሲው ቶልኪን የጻፈው አንድ መጽሐፍ ብሎ ነው። በ1954 እና በ1955 በሦስት ተከፍሎ የወጣው በአሳታሚው ውሳኔ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ ላይ መደምደሚያ አትጠብቅ።

ብዙ ሰው የሚሰለቸው በማይገቡት ቃላት ነው። ቶልኪን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንት እንግሊዝኛ መምህር ነበር። ታሪኩን ከመጻፉ በፊት ቋንቋዎቹን መፍጠር ጀምሮ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ ድንገት በኤልፎች ቋንቋ ሲዘምሩ፣ ትርጉሙን ፍለጋ አትቸገር። እኔ ልጅ ሆኜ ቅዳሴ ስቆም ግዕዙ አይገባኝም ነበር። ግን ቃሉ ጥንታዊ እንደሆነ፣ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንዳዜመው ይሰማኝ ነበር። ያው ስሜት ነው። ቶልኪን የፈለገውም ያንን ይመስለኛል።

ቀለል ባለ መንገድ መግባት ከፈለግህ በ1937 ከወጣው ከ«ዘ ሆቢት» ጀምር።

እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ምን ላንብብ?

ለአንቺ ሚስትቦርን። የብራንደን ሳንደርሰን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት በ2006፣ በ2007 እና በ2008 ወጥተው ታሪኩ ተጠናቋል።

ከሰማይ አመድ የሚዘንብበት አገር ነው። አንድ ገዥ ሺህ ዓመት ነግሦበታል። ቪን የምትባል የጎዳና ሌባ አለች፤ ሰው አታምንም። ገዥውን ለመጣል ያሰቡ ሌቦች ቡድን ውስጥ ትገባለች። አስማቱ የብረታ ብረት ነው። ሰዎቹ የብረት ብናኝ ይውጡና ሆዳቸው ውስጥ ያቃጥሉታል። ቆርቆሮ የዋጠ ዓይኑና ጆሮው ይሰላል። ብረት የዋጠ በዙሪያው ያለውን ብረት ወደ ራሱ ይስባል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ እንደ ኬሚስትሪ ነው። ከሕጉ ውጭ የሚሆን ነገር ስለሌለ ትግሉን ከነስሌቱ ትከታተይዋለሽ።

ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ቃላቱ የተለመዱ ናቸው። እውነቱን ለመናገር የሳንደርሰን ቋንቋ እንደ ለ ጉዊን አያምርም። ገጹን ግን ያስገልጣል።

አንድ ምክር። እያንዳንዱን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ አትፈልጊ። ግማሹ ደራሲው የፈጠረው ስለሆነ አታገኝውም። በአንድ ገጽ ሁለት ቃል ብቻ ፈልጊ፣ ሌላውን አልፈሽ ሂጂ። ሃምሳ ገጽ ካለፍሽ በኋላ ቃላቱ ራሳቸው ይመለሳሉ።

ጌም ኦፍ ትሮንስን በቴሌቪዥን ጨርሼዋለሁ። መጽሐፉ ምን ይጨምርልኛል?

ብዙ። የቴሌቪዥኑ ድራማ በ2019 አልቋል። መጽሐፉ ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ድራማው ላይ የሌሉ ሰዎች አሉበት። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ ሰው ዓይን ነው የሚጽፈው። ስለዚህ የጠላኸውን ሰው ድንገት ከውስጡ ታየዋለህ። በሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ክፉ ያልኩት አንድ ሰው አሳዝኖኝ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

ማርቲን መነሻ ያደረገው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተደረገውን የዘውድ ጦርነት ነው። እኛ ግን ያን ያህል ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ደቅ ደሴት ሄደህ ናርጋ ሥላሴ ግባ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ግድግዳው ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። የልጅ ልጃቸው አፄ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። ከዚያ ወዲያ እስከ 1855፣ አፄ ቴዎድሮስ እስኪነግሡ ድረስ፣ ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሡ ጎንደር ተቀምጦ ሥልጣኑ በመሳፍንቱ እጅ። ጋብቻው ለጦር፣ ጦሩ ለጋብቻ። ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ማርቲንን ሲያነብ አይደናገርም፤ ጠባዩን ያውቀዋል።

የሰዎቹ ብዛት አያስፈራህ። እኛ እስከ ሰባት ቤት እየቆጠርን ያደግን ሰዎች ነን። አንድ ደብተር ያዝና ማን የማን ልጅ እንደሆነ ጻፍ። የእኔ ደብተር አራት ገጽ ሞልቷል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወሲቡና ጭካኔው ብዙ ነው፤ ለአዋቂ ብቻ ነው። ደግሞም አላለቀም። ሰባት ይሆናል ተብሎ የታቀደ ነው። አምስተኛው በ2011 ወጣ፣ ስድስተኛውን አሁንም እየጠበቅን ነው።

ያላለቀ ተከታታይ መጀመር ይገባል?

መጠበቅ የሚያናድድህ ከሆነ አትጀምር። ያለቁ ብዙ አሉ፤ ኧርዝሲ አልቋል፣ የቪን ታሪክ አልቋል። «ዘ ኔም ኦፍ ዘ ዊንድ» በሚል መጽሐፍ የሚጀምረውን የፓትሪክ ሮትፈስን ተከታታይ ያነበብኩ ጊዜ ቋንቋው እንደ ማር ነበር። ሁለተኛው መጽሐፍ በ2011 ወጣ፤ ሦስተኛው አልመጣም። አሁን ለማንም ስሰጥ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጊዜ አለኝ። ረጅሙን አምጣልኝ።

ጋሼ፣ እንግዲያው ዊል ኦፍ ታይም የእርስዎ ነው። 14 ቅጽ ነው። የመጀመሪያው በ1990፣ የመጨረሻው በ2013 ወጣ። ደራሲው ሮበርት ጆርዳን በ2007 ታሪኩን ሳይጨርስ አረፈ። ማስታወሻ ትቶ ነበር። አርታኢው የነበሩት ባለቤቱ ሳንደርሰንን መርጠው የመጨረሻዎቹ ሦስት ቅጾች በእሱ እጅ ተጻፉ።

ዘመን እንደ መንኮራኩር ይዞራል፤ ያለፈው ተረት ይሆናል፣ ተረቱም ይረሳል፣ ዘመኑ ግን ተመልሶ ይመጣል የሚል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። እርስዎ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሰው ነዎት። በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ዞሮ የሚገጥመውን ቆጠራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንም።

መካከሉ ላይ ይጎትታል። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ቅጽ ድረስ ሰዎቹ ብዙ ያወራሉ፣ ትንሽ ይራመዳሉ። እዚያ ላይ ቢደክምዎ ሌላ መጽሐፍ አንብበው ይመለሱ። እኔም እንዲያ ነው ያደረግሁት፤ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የመጨረሻውን ቅጽ የጨረስኩ ዕለት ግን ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቼ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። ከታች ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ይሄዳል። ከሰዎቹ ጋር መለያየት ከብዶኝ ነበር።

የስቲቨን ኤሪክሰንን ማላዛንም ጠይቀውኛል። 10 ቅጽ ነው፣ ከ1999 እስከ 2011 ወጥቶ አልቋል። ያለ ምንም ማብራሪያ ጦርነት መካከል ነው የሚጥልዎ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያ ንባብ ግን አይሆንም።

ጦርነት አልወድም። ሰው ሰው የሚሸት ነገር አለ?

ሮቢን ሆብን አንብቢ። «አሳሲንስ አፕረንቲስ» በ1995 ወጣ፤ የሦስት መጻሕፍት መጀመሪያ ነው። ፊትዝ የሚባለው ልጅ የአንድ ልዑል ዲቃላ ነው። በስድስት ዓመቱ የእናቱ አባት የንጉሡ ወታደሮች ሰፈር በር ላይ አምጥቶ ይጥለዋል። የሚያሳድገው ፈረስና ውሻ ጠባቂው ነው። ልጁ ከእንስሳት ጋር በልብ ይነጋገራል፤ ይህ ደግሞ በዚያ አገር ነውር ነው።

የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ስም ትርጉም አለው። አንዱ ልዑል ስሙ እውነት ማለት ነው። የፊትዝ አባት ሚስት ፔሸንስ ትባላለች፤ ትዕግስት ማለት ነው። እንግሊዞቹ አንባቢዎች ይህን እንደ ልዩ ነገር ያዩታል። እኛ ክፍል ውስጥ ሦስት ትዕግስት ነበሩ።

ያስለቅሳል። ታክሲ ውስጥ አታንብቢው።

ሁሉም ስለ ነጮች ነው። እኛን የሚመስል ሰው የለም?

አለ። ጌድ ራሱ ቆዳው ቀይ ዳማ ነው፤ የቅርብ ጓደኛው ጥቁር ነው። ለ ጉዊን ሆን ብላ ነው እንዲህ የጻፈችው። በ2004 በቴሌቪዥን ሲሠራ ጌድን ነጭ አደረጉት፣ እሷም በአደባባይ ተቃውማ ጻፈች።

ከአዲሶቹ ኤን. ኬ. ጀሚሲን አለች፤ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። «ዘ ፊፍዝ ሲዝን» የሚለው በ2015 የወጣው መጽሐፏና ሁለቱ ተከታዮቹ ከ2016 እስከ 2018 በተከታታይ ሦስት ዓመት ሁጎ የሚባለውን ትልቅ የሳይንስ ልብ ወለድና የፋንታሲ ሽልማት አግኝተዋል። ምድር የምትንቀጠቀጥበት፣ ምድርን ማብረድ የሚችሉ ሰዎች ግን እንደ ባሪያ የሚታሰሩበት ዓለም ነው። አንዲት እናት ልጇን ፍለጋ ትወጣለች። አተራረኩ ከባድ ነው፤ አንዳንዱ ምዕራፍ አንባቢዋን «አንቺ» እያለ ይሄዳል። መቶ ገጽ ድረስ ግራ ቢገባችሁ ልክ ናችሁ። ከዚያ ይገጥማል፣ ሲገጥም ደግሞ ያስደነግጣል።

አስማት ያለበት መጽሐፍ ማንበብ ኃጢአት አይሆንም?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ከልባቸው ነው የሚጠይቁት፤ እኔም ከልቤ ልመልስ። ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። ናርንያን የጻፈው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ስለ ክርስትና መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነው። ሁለቱም ጓደኛሞች ነበሩ። መጻሕፍቱ ጥንቆላ አያስተምሩም። የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ዋና ነገር ሥልጣንን እምቢ ማለት ነው። የኧርዝሲ ዋና ነገር ትዕቢት የሚያመጣው መዘዝ ነው።

ያም ሆኖ ልብህ ካልተረጋጋ አታንብብ። የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ ታሪኩንም ንገራቸው። እኔ የነገርኳቸው አባት ዝም ብለው ሰሙኝና «ጥላውስ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ።

ልጄ 10 ዓመቷ ነው። ምን ልግዛላት?

ናርንያ። ሰባት አጫጭር መጻሕፍት ናቸው፣ ከ1950 እስከ 1956 የወጡ። ከቁም ሳጥኑ ታሪክ፣ «ዘ ላየን፣ ዘ ዊች ኤንድ ዘ ዋርድሮብ» ከሚለው ይጀመር። ከዚያ ሆቢት። ማታ ማታ እርስዎ ጮክ ብለው ቢያነቡላት ደግሞ የተሻለ ነው።

እኛስ የራሳችን የለንም?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ጁሴን እረሳዋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልለይ። ገድላትና ተአምራት ልብ ወለድ አይደሉም። የእምነት መጻሕፍት ናቸው፤ ከፋንታሲ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አላስቀምጣቸውም። ግን ለትልቅ ታሪክ ጆሯችንን የከፈቱት እነሱ ናቸው። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡና የመቅደሱን ግድግዳ ዙሩ። 78 ሰው የበላው በላዔ ሰብ አለ። ለተጠማ ለምጻም በእፍኙ ውሃ ያጠጣበት አለ። ነፍሱ በሚዛን ስትቆም የእመቤታችን ጥላ የሚያጋድልላት አለ። አያቴ ማንበብ አትችልም። ይህን ግድግዳ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትተርከዋለች፤ የቱ ጋ ድምፅዋን እንደምትቀንስ፣ የቱ ጋ እንደምታቆም ታውቃለች። እኔ ረጅም ታሪክ መታገስን የተማርኩት ከእሷ ነው።

በግዕዝ ዜና እስክንድር አለ። ታላቁ እስክንድር እንደ አማኝ ንጉሥ ሆኖ የዓለምን ዳርቻ ሲያስስ፣ ጎግና ማጎግን በበር ሲዘጋባቸው የሚተርክ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ቶልኪን ውስጥ ያለው የጥቁር በር አያስደንቀውም።

ልብ ወለድ ከተባለ ደግሞ መነሻው እዚሁ ማዶ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት በ1868 ዘጌ ነው። በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ ዛሬ ጦቢያ በሚለው ስም ነው የምናውቀው። ጦርነት አለ። ምርኮ አለ። የማያውቁትን ሰው ከባርነት የሚዋጅ ደግ ነጋዴ አለ። ውለታውን ለመመለስ የሚወጣ ወጣት አለ። መንታ እህቱ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። ዘንዶ የለውም እንጂ ጉዞው የኤፒክ ጉዞ ነው። አጭር ስለሆነ በአንድ ቀን ያልቃል።

ከቅርቡ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» አለ። ስለላና ሳይንስ ነው እንጂ ፋንታሲ አይደለም። ጣና ግን የታሪኩ አንድ ሥፍራ ነው። ያ መጽሐፍ በወጣ ጊዜ መጽሐፍ የማይነኩ የክፍል ጓደኞቼ እየተቀባበሉ ሲያነቡት አይቻለሁ። አንባቢው አለ ማለት ነው።

እኔ የምመኘው ከነካርታው በአማርኛ የተጻፈ አምስት ቅጽ ነው። ደሴቶች ያሉበት። የስም ምሥጢር ያለበት። ጉማሬ ታንኳ የሚገለብጥበት። ከቅዳሜዎቹ ሰዎች አንዷ መጀመሪያውን ምዕራፍ ጽፋ አምጥታ ነበር። ሐይቁን ያለ ስም ነው ያስገባችው፤ የሐይቁ እውነተኛ ስም ምሥጢር ነው። ሁላችንም ዝም ብለን ሰማናት። እየጻፈች ነው።

መጽሐፎቹን ከየት ታገኛለህ?

አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች፣ ከውጭ ከሚመጡ ዘመዶች፣ ከስልክ። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ስስ ልባሱን ምረጡ። ስቶርምላይት አርካይቭ የሚባለው የሳንደርሰን ሥራ እያንዳንዱ ቅጽ ከሺህ ገጽ በላይ ነው፤ ደረቅ ልባሱ የዘመዳችሁን ሻንጣ ኪሎ ይጨርሰዋል። በስልክ የምታነቡ ማታ ብርሃኑን ቀንሱ።

ስትገዙ ገጹን ግለጡ። አንድ ጊዜ ፎቶ ኮፒ የሆነ መጽሐፍ ገዝቼ ልክ ጦርነቱ ሲጀመር ሃያ ገጽ ጎድሎ አገኘሁት። ሻጩ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ቢያየኝም ቆሜ ገጽ በገጽ እቆጥራለሁ።

ታውሰኛለህ?

አውሳለሁ። ስምህንና የወሰድክበትን ቀን ደብተሬ ላይ ጻፍ፣ በወር መልስ፣ ገጽ አትጠፍ። የኧርዝሲ የመጀመሪያው መጽሐፍ አሁን አንዲት የሕክምና ተማሪ ጋ ነው። ከእሷ በኋላ ሁለት ሰው ወረፋ ይዟል። ሁለተኛው ግን ቤት አለ፤ ዋናዋ ሰው ሌላ ስለሆነች ለብቻውም ይነበባል። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይዤው እመጣለሁ።